ዘጠና ደቂቃ ብዬ ነበር

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ውስጥ መሞቱን የሰማሁት ዓርብ ዕለት፣ ሥራ ቦታ ምሳዬን እየበላሁ ነው። የደወለችልኝ የሟች ሚስት እህት ናት። ለባለቤቴ አልደወሉለትም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። "ቀብሩ ተፈጽሟል። ሰው ሰብስበሽ አርጂው" አለችኝ። ምግቤን ጨረስኩ። ዕቃውን አጥቤ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

ችግሩ ማግስቱ ቅዳሜ መሆኑ ነበር። ቅዳሜ ባለቤቴ የሚደግፈው የኳስ ክለብ በታሪኩ አንስቶት የማያውቀውን የአውሮፓ ዋንጫ ለማንሳት ለፍጻሜ ይጫወታል። ክለቡን ያወረሰው ወንድሙ ነው። ልጆች ሳሉ አንድ ሬዲዮ ላይ ጆሯቸውን አስደግፈው ይሰሙ ነበር። እኛ ባሕር ማዶ ተሻግረን ሌክ ሃይላንድስ ከገባን ወዲህ ደግሞ በየጨዋታው እረፍት ላይ ይደዋወላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይዘጋሉ። እነዚያን ሁለት ሰዓታት ልተውለት ፈለግሁ።

ከእኛ ብዙም በማይርቀው ሮውሌት ለሚኖሩት የዕድራችን ሽማግሌ ደወልኩ።

"መርዶ በጠዋት ነው ልጄ፤ ወጉ ነው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ኳስ አለበት።"

"ኳስ?"

"የአውሮፓ ፍጻሜ ነው። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት።"

"ስንት ሰዓት ያልቃል?"

ትምህርት የጀመርኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ስለሆነ ያላነበብኩትን ለሰው አልናገርም። ስልኩን ዘግቼ ስለ ኳስ ፈልጌ አነበብኩ። አርባ አምስት፣ እረፍት አሥራ አምስት፣ አርባ አምስት። ለባከነ ሰዓት አምስት ጨመርኩ፣ ወረቀት ላይ ደመርኩ፣ መልሼ ደወልኩ። "በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በሁለት ሰዓት ይጀምርና ሦስት ከሃምሳ ያልቃል።"

"ኦኬ። አራት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነን።"

ከዚያ በታች የተጻፈውን አላነበብኩትም።

ቅዳሜ፣ በጨዋታው እረፍት ባለቤቴ ለወንድሙ ደወለ። አንድ ለዜሮ እየመሩ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ሞከረ። "ፈሪ!" አለና ሳቀ። "ሲጨንቀው ሁሌም ያጠፋዋል።"

"መብራት ሄዶ ይሆናል" አልኩት። ውሸት ስናገር ድምፄ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። ያን ቀን አልተለወጠም።

ሊያበቃ ሲል ጎል ገባባቸው። አንድ ለአንድ። "በቃ፣ አለቀ?" አልኩት።

"ምን ያልቃል! ሠላሳ ደቂቃ ይጨመራል። ከዚያም ፔናሊቲ አለ።"

በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ሱፍ ለብሰው፣ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች። አንደኛዋ ከግራንድ ፕሬሪ መጋዘን በቀጥታ ከሥራ መምጣቷ ነው፤ ባጇ አንገቷ ላይ አለ። የሁለቱም ቦርሳ በነጠላ ተወጥሯል።

"አላለቀም" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ዘጠና ደቂቃ አላልሽም?"

"ማነው? ይግቡ!" አለ ባለቤቴ ከውስጥ። ሲያያቸው ብድግ አለ። "ጋሼ! እርስዎም ኳስ ይወዳሉ?"

"ዛሬ... ዛሬ እስቲ ልየው ብዬ" አሉና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለሁሉም ውሃ አቀረብኩ። ጭማሪው ሰዓት እኩል እንደሆኑ አለቀ። ሽማግሌው በየመሃሉ ያዩኝ ነበር። እኔ ግድግዳ ሰዓቱን አያለሁ።

ፔናሊቲው ሲጀመር የመጋዘኗ ሴት፣ የሌላ ክለብ ደጋፊ ናት፣ እንደ ልማዷ አመለጣት፦ "ኤጭ፣ እናንተ ደሞ ዋንጫ የት ታውቃላችሁና!" ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰ። "አንቺ ሟርተኛ! ቆይ፣ ታያለሽ!"

የመጨረሻዋ ኳስ ገባች። ባለቤቴ ጮኸ፣ ሽማግሌውን አቅፎ ከመሬት አነሳቸው። "ወንድሜ ይሄኔ አብዷል! ጋሼ፣ ይሄኔ ሸሚዙን አውልቆ መንገድ ላይ ነው!" ሲያወርዳቸው እሳቸው አልለቀቁትም።

"ተቀመጥ ልጄ።"

ሴቶቹ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ጥቁር ጥለት ያለውን ነጠላ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ማነው?" አለ።

ነገሩት። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ ሪሞቱን ፈለግሁ፤ ትራሱ ስር ነበር። ቴሌቪዥኑን ልዘጋ ስል "ተይው" አለ፣ መሬት እንደተቀመጠ። "ያንሱት።" ድምፁን ብቻ አጠፋሁት። ዋንጫው እስኪነሳ ሁላችንም ጠበቅን።

"መቼ ሰማሽ?" አለኝ በኋላ።

"ትናንት።"

"እና... ስደውልለት ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስቶብኝ አያውቅም። ተቀይሞኝ ይሁን አመስግኖኝ አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀመር የመጀመሪያውን ጨዋታ ብቻውን ተቀምጦ አየ። በእረፍት ላይ ስልኩን አነሳ፣ የወንድሙ ስም ድረስ ሄደ፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ነይ እዚህ ቁጭ በይ" አለኝ።

መጽሐፌን ይዤ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደቀረ አልጠየቅሁትም።