በቀኝ በኩል የጠፋችው ሄሊኮፕተር

ተሳፋሪዎቹ «እንቁላል ጫኝ» ይሉታል። አውቶቡሱን የሚነዳው ሙሉ እንቁላል የጫነ ይመስል ነው። ጉድጓድ ሲያይ ከሩቁ ይዘገያል፤ ፌርማታ ላይ ሲቆም የቆመ ሰው እንኳ አይንገዳገድም። የቸኮለ ይረግመዋል፣ ነፍሰ ጡር ትመርቀዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዳ ሰው ገጭቶ አያውቅም። ጠዋት መሪውን ከመጨበጡ በፊት «ያወጣኸኝ አምላክ በሰላም መልሰኝ» ይላል፤ ማታ ቁልፉን ሲያስረክብ «ተመስገን» ይላል። ከዚህ የረዘመ ጸሎት አያውቅም፤ ይህንን ግን አንድም ቀን ዘንግቶት አያውቅም።

በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ሄሊኮፕተር ማብረር ሊማር ነው ሲባል ሰፈሩ ሳቀ። ሄሊኮፕተሯ በሪሞት የምትታዘዝ፣ ከክንድ የማትረዝም ናት። አስተማሪው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከመስታወቱ በላይ ሦስት ሄሊኮፕተሮች ተደርድረዋል፤ እንቁላል ጫኝ ሊቆረጥ በተቀመጠ ቁጥር ዓይኑን ከነሱ ላይ አያነሳም ነበር።

«ዕድሜ ልኬን መንገድ በወሰደኝ ስሄድ ኖርኩ» አለ አንድ ቀን። «እስቲ መንገድ የሌለው ነገር ልንዳ።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ አየው። «በእረፍት ቀንህ ጠዋት ና። ገና ለገና ሾፌር ነኝ ብለህ ግን እንዳትኮራብኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «የልጆቼ አባት፣ ሰው የሚያረጀው ወደ ኋላ ነው እንዴ?» አለችው። ቢሆንም የመጀመሪያው ትምህርት ዕለት ጠዋት ኮፍያውን አጥባ ሰጠችው።

የሚማሩት አሮጌው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አጠላልፎ ከሄሊኮፕተሯ እግር ሥር አስሯል፤ በአራቱም ጫፍ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ሰክቶበታል። ለጀማሪ እንዳትገለበጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንሳት ክልክል ነበር፤ ሣሩ ላይ ማንሸራተት ብቻ።

«ጅራቷ ሁልጊዜ ወደ አንተ ይሁን» ይለዋል። «አፍንጫዋን ወደ አንተ ካዞረች ግራህ ቀኝ፣ ቀኝህ ግራ ይሆንብሃል። ደግሞ አውቶቡስ አይምሰልህ። አውቶቡስ ፍሬን ስትይዝ ይቆማል። ይቺ አየር ላይ ቆማ የምትቆየው ጣትህ ሳያርፍ ሲሠራ ብቻ ነው። እዚህ ቤት ከመሄድ መቆም ይከብዳል።»

አንድ ጠዋት ሄሊኮፕተሯ ወደ አጥሩ ስትገሰግስ እንቁላል ጫኝ ሪሞቱን ረስቶ በቀኝ እግሩ መሬቱን ረገጠ። ፀጉር አስተካካዩ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

«ምኑን ነው የምትረግጠው አንተ ሰውዬ? ሣር ፍሬን የለውም እኮ።»

በሦስተኛው ወር ከጉልበት ከፍ አድርጎ ያቆማት ጀመር። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ የሕፃን ነበር። ነገር ግን ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ሄሊኮፕተሯ ወደ ግራ ስትንሸራተት ቀስ አድርጎ ይመልሳታል፤ ወደ ቀኝ ከሄደች ግን አበቃ፣ ትከሰከሳለች። ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ ስድስቱም ጊዜ በቀኝ። ፀጉር አስተካካዩ ችግሩ ከሷ ነው ብሎ ፈታታት፤ ሽቦዋን አየ፣ የተሰበረውን ክንፍ ቀየረ፣ ራሱ ሲያበርራት እንደ ንብ ባለችበት ጸንታ ቆመች።

በሰባተኛው ጊዜ ጎኑ ቆሞ ተመለከተው። ሄሊኮፕተሯ በወገቡ ትክክል፣ ከቀኝ ትከሻው ሦስት እርምጃ ርቃ ታንዣብባለች። እንቁላል ጫኝ ፊት ለፊት ያያል።

«የት አለች?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ድምጿ ይሰማኛል።»

«ድምጿን አልጠየቅኩህም። የት አለች?»

«ወደ ላይ ሄደች መሰለኝ።»

ጭንቅላቱን አዙሮ ሲያገኛት ሣሩ ውስጥ ተሰክታ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ የሰው ጭንቅላት ሲያቃና ሠላሳ ዓመት የኖረ ነው። ከሸሚዝ ኪሱ ማበጠሪያ አወጣና ከኋላው ቆመ። «ያንን የፋብሪካ ጭስ ማውጫ እይ። ጭንቅላትህ እንዳይነቃነቅ። ማበጠሪያውን ስታይ አየሁ በል።» በግራ በኩል ከጆሮው እልፍ እንዳለ «አየሁ» አለ። በቀኝ ሲሆን ማበጠሪያው ጆሮውን አለፈ፣ ጉንጩን አለፈ።

«መቼ ነው የምትጀምረው?» አለ እንቁላል ጫኝ።

ማበጠሪያው ቅንድቡ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ሁለቱም ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እንቁላል ጫኝ አምና ሁለት ጊዜ ምሰሶ የፋቀውን የቀኝ ስፖኪዮ አሰበ። ምሰሶው ያለ ቦታው ተተክሎ ነው ብሎ ነበር። የአውቶቡሱ በር በቀኝ ነው። ሰው የሚወጣው በቀኝ፣ የሚወርደው በቀኝ፣ ብስክሌት የሚሾልከው በቀኝ።

«ድካም ይሆናል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እሱም ሳያምንበት። «ለማንም አታውራ። ለጡረታ ሦስት ዓመት ያህል ነው የቀረህ። ጭንቅላትህን እያዞርክ ትነዳለህ።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የወዳጅ ምክር ነው። ደግሞም እንቁላል ጫኝ ሊሰማ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ እያወቀ ነዳ። «በሰላም መልሰኝ» የምትለው ጸሎት ግን ከከንፈሩ አልወጣ አለችው። ግማሹን ብሎ ተዋት።

ትኬት ቆራጯ አሥራ አንድ ዓመት አብራው የሠራች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ሦስተኛውን ፌርማታ እንዳለፉ፣ «ጋሼ፣ በቀኝ ብስክሌት» አለች። ይህንን አነጋገር ከመልመዱ የተነሳ እንደ ሞተሩ ድምፅ ሆኖበት ነበር። ዛሬ ግን ጆሮው ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ፌርማታ ቆሞ ወደ እሷ ዞረ።

«በቀኝ ያለውን መንገር የጀመርሽው ከመቼ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ቆየሁ።»

«ከመቼ?»

ትኬቶቿን አስተካከለች። «ከአምናው ዝናብ። ያቺን ዣንጥላ የያዘች ሴትዮ ለጥቂት የሳትናት ቀን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስነግርዎት ነው እኮ የከረምኩት፤ በቀኝ ሰው፣ በቀኝ መኪና እያልኩ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርስዎ ሲሄዱ ደግሞ ማን እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ? ከእርስዎ በፊት የነበረው በሰው ፊት ይሰድበኝ ነበር።»

እንቁላል ጫኝ ዣንጥላ የያዘችውን ሴት ለማስታወስ ሞከረ። አጣት። አላያትም ነበርና ሊያስታውሳት አይችልም። ምናልባት ሌሎችም አሉ፤ ለጥቂት የተረፉ፣ ሲያልፋቸው ሬሳ ሊሆኑ አንድ ስንዝር የቀራቸው። ሰው ገጭቼ አላውቅም እያለ ሲኩራራ የኖረው በዚች ትኬት ቆራጭ ጩኸት ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ አንዱ ከመሀል።

«እንቁላሉ ተሰበረ» አለ ሌላው። ተሳቀ።

«ውረዱ፤ ሌላ መኪና ይመጣል» አለ እንቁላል ጫኝ።

«መኪናው ምን ሆነ? አሁን ደህና ሲሄድ አልነበር?»

«መኪናው ደህና ነው። እኔ ነኝ። በቀኝ በኩል አይታየኝም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። መጀመሪያ የወረደችው ሕፃን ያዘለች ሴት ናት፤ እየተገፋች እንደሚሸሽ ሰው ወረደች። አንድ ሽማግሌ ከበሩ ላይ ቆመው፣ «እስከ ዛሬ ሳታይ ነው የነዳኸን?» አሉት። ከዚያ እሳቸውም ወረዱ። ያመሰገነው የለም፤ እሱም አልጠበቀም።

የስምሪት ኃላፊው ወረቀት እያገላበጠ አነጋገረው። «ጉዞውን ጨርሰህ ብትመጣ ምን ነበረበት? አሁን ‹ተሳፋሪ መንገድ ላይ ጥሎ› ተብሎ ነው የሚጻፈው።»

«ይጻፍ» አለ እንቁላል ጫኝ። በሃያ ስድስት ዓመት መዝገቡ ላይ የገባች የመጀመሪያዋ ጥፋት እሷ ሆነች።

የዓይን ሐኪሟ በመሣሪያ ካየችው በኋላ አልሸነገለችውም። የዓይን ግፊት ነው አለችው፤ ሳያምም፣ ሳያስታውቅ፣ ከዳር ጀምሮ እየበላ የሚሄድ። ቀኝ ዓይኑ ከሞላ ጎደል አልቋል፤ ግራውንም ጀምሮታል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረው በጠብታ ይጠበቅ ይሆናል። መኪና ዳግመኛ አትነዳም አለችው። «እንዴት አወቅህ?» ብላ ስትጠይቀው፣ «በሄሊኮፕተር» አላት፤ እየቀለደ መስሏት ፈገግ አለች።

ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ክንፍ የገባላትን ሄሊኮፕተር ይዞ መጣ። «ሜዳው ናፍቆሃል» አለው። እንቁላል ጫኝ ግን «ትንሽ ልቆይ» አለና ከወንበሩ አልተነሳም። ወዳጁ ሄሊኮፕተሯን እንደያዘ ተመለሰ።

ብቻውን ሲቀር ለመጸለይ ሞከረ። «የወደቀው ፕላስቲክ ስለሆነ ተመስገን» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ሄሊኮፕተሯ ሰባቱም ጊዜ የወደቀችው እሱን ለማዳን፣ እነዚያን የማያውቃቸውን ሰዎች ለማዳን እንደሆነ ያምናል። ከዚያ ለዣንጥላዋ ሴት ሊጸልይ ፈለገና ስም አጣላት፤ «ያቺን» ብሎ አለፈ።

ባለቤቱ ስፌቷን አቁማ ጠብታውን ይዛ መጣች። «ቀና በል» አለችው። ቀና አለ። እጇ በቀኝ በኩል ድንገት ፊቱ ላይ ሲደርስ ደንግጦ ራሱን ሸሸ፤ ጠብታው ጉንጩ ላይ ፈሰሰ።

«እኔ ነኝ እኮ» አለች።

«አውቃለሁ።»

ጠርሙሱን እንደያዘች ወንበሩን በኋላ ዞራ በግራው መጣች፤ አገጩን ይዛም ቀና አደረገችው።