የግራኙ ካርድ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ ሳትሰማው ሞተች። ነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ ስንቱን ጾም ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ረስቼ ሥጋ የቀመስኩበትን ዓርብ ሳይቀር ስዘረዝር ይቺን ዋጥ እያደረግሁ ተነሥቻለሁ። እናንተ ቄስ አይደላችሁም። ልትፈቱኝ አትችሉም፣ ንስሐ ልትሰጡኝም አትችሉም። ለእናንተ የምነግራችሁም ለዚሁ ነው።

የሰው ደብዳቤ ሰርቄአለሁ። አንድ ቀን አይደለም፣ ስምንት ዓመት ሙሉ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል ስጀምር ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቸግሮኝ ነው እንዳልል የመንግሥት ደመወዝ ነበረኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው የሚል ሰው ደግሞ ያናድደኛል። ሰይጣን ምን አደረገ? ቁልፉ የነበረው በእኔ እጅ ነው!

ቁልፉ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ደርግ ከወደቀ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ያኔ ሞባይል የለም፤ የግል ሳጥን ያለውም ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። መምህሩም፣ ተማሪውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ሩቅ ዘመድ ካላቸው የሚጻፍላቸው በትምህርት ቤቱ ሳጥን በኩል ነበር። ማክሰኞና ዓርብ ሄጄ እከፍታለሁ። የተማሪውን ጠዋት ሰልፍ ላይ ስም እየጠራሁ አድላለሁ። ማንበብ የማይችለውን ቢሮዬ አስቀምጬ አነብለታለሁ፤ መልሱንም እሱ እየነገረኝ እጽፍለታለሁ። አፉን በቤንችኛ የፈታውና አማርኛ የሚከብደው ሲመጣ ቀስ ብዬ፣ ደጋግሜ ነበር የማነበው። ሰው ያምነኝ ነበር። ይህን ለጉራ አላወራሁም፤ የሰረቅሁት በዚያ እምነት ስለሆነ ነው።

የሰረቅኋቸው ሰው ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ። ጋሽ ወልዴ ግራኝ ነበሩ። ልጅ ሳሉ በግራ ሲጎርሱ እየተመቱ፣ በግራ ሰላም ሲሉ እየተሰደቡ ነው ያደጉት። ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው በግራ እጃቸው ስንደዶ ይዘው ፊደሉን ቢጠቁሙ፣ የኔታ ያንን እጅ ከወገባቸው ጋር አሰሩባቸው። በማግሥቱ አልተመለሱም። እንደወጡ ቀሩ፣ ማንበብም እንዲሁ ቀረ።

ያንን እጅ ያመሰገነላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። በንጉሡ ጊዜ ሚስተር ሮይ የሚባል አሜሪካዊ አስተማሪ ሚዛን ሁለት ዓመት ኖሯል። ጋሽ ወልዴ ያኔ ጎረምሳ ናቸው፤ ቤቱን ይጠብቁለት፣ ያበስሉለትም ነበር። ሰውየው ቤዝቦል የሚባል የአገሩ ጨዋታ ናፈቀው። እንደ ገና ጨዋታ ኳስ በዱላ የሚመታበት ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ኳሷን በእጁ ይወረውርና ሌላው መሬት ሳትነካ ይመታታል። ጋሽ ወልዴ ዱላውን ከዋንዛ ጠረቡለት፣ ኳሷን ከፍየል ቆዳ ሰፉለት። በል ወርውር ሲላቸው እንደለመዱት ፈርተው በቀኝ ሞከሩ፤ አልሆነም። በግራ ቢሰዷት ሚስተር ሮይ ዱላውን ጥሎ እየሳቀ መጥቶ አቀፋቸው። «ይህ እጅ እኛ አገር ወርቅ ነው» አላቸው። ሊሄድ ሲል ደግሞ ቃል ገባ፦ አንተን የመሰለ ግራኝ ወርዋሪ ያለበት ሥዕል ፈልጌ እልክልሃለሁ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ወሬውም ተቋረጠ። ጋሽ ወልዴ ይህን ባወሩ ቁጥር ግራ እጃቸው ከጋቢው ውስጥ ይወጣ ነበር። ያንን ሥዕል እንደሚጠብቁ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ አውቅ ነበር።

አንድ ዓርብ የመጀመሪያው ፖስታ መጣ። ከፈትሁት፤ አንባቢያቸው እኔ ነኝና እስከዚህ ጥፋት የለበትም። ውስጡ አንድ አሮጌ ፖስት ካርድ አለ። ሱሪው ከጉልበቱ ሥር የታሰረ፣ ቆብ ያደረገ፣ ዱላ ትከሻው ላይ የጣለ ጎልማሳ ያየኛል። ጠርዙ ወይቧል። ገለበጥሁት። ጀርባው ላይ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው፣ ገና ጋሽ ወልዴም ሳይወለዱ፣ ኤልሲ ለምትባል ሴት በቡናማ ቀለም ጽፎላታል። እንግሊዝኛው ቀላል ነበር። እናታችን ተሽሏታል፣ ጨዋታውን ተሸንፈናል፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ለምን አትጽፊልኝም?

በተረፈችው ባዶ ቦታ ላይ ሚስተር ሮይ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ብሏል፦ «ወልዴ፣ በሕይወት አለህ? እነዚህን የድሮ ካርዶች ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እለቅማለሁ። ግራኙን ገና አላገኘሁትም። እስካገኘው ይህን ያዝ።»

እኔ ግን ዓይኔ የቀረው «ለምን አትጽፊልኝም?» የሚለው ላይ ነው። የስንቱን ደብዳቤ አነበብሁ፣ የስንቱን መልስ ጻፍሁ! ለእኔ ግን አንድ ሰው ከዚህ ከሚዛን ዳገት ማዶ ሆኖ እንደምን አለሽ ብሎኝ አያውቅም። ካርዱን ወደድሁት። ወደድሁትና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍሁበት። አያችሁ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ችግሩ፣ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ወሬ የማይቆይለት ነው። ቀድሞኝ መንገድ ላይ «ጋሽ ወልዴ፣ ከአሜሪካ መጥቶልዎታል!» ብሏቸዋል። ባዶ እጄን ልቀርብ አልችልም። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የጽጌረዳ ሥዕል ያለበትን የበዓል ካርድ ገዛሁ፣ ከሰማያዊው ጽሑፍ የሚያስፈልገኝን ብቻ ገልብጬ በእውነተኛው ፖስታ ከተትሁት። ቴምብሩ የአሜሪካ ነው። ማን ይጠረጥራል?

ጋሽ ወልዴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። «ወልዴ፣ በሕይወት አለህ?» ስል እንባቸው መጣ። ካርዱን ተቀበሉኝ፣ አገላበጡት።

«ስንዱ ልጄ፣ የተጫዋቹ ሥዕል የለም?»

«የለም» አልኳቸው።

ብዙ ጊዜ ቃሉን ሰጥቻቸዋለሁ፣ የወሰድሁት ወረቀቱን ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ውሸት ነው። «ግራኙን ገና አላገኘሁትም» የሚለውን ካነበብሁ እስኪያገኘው የላከው ሥዕልስ የት አለ ይሉኛል፣ ሌባነቴም ይገለጣል፤ ስለዚህ እሱን ዘለልሁት። በሚቀጥለውም ዘለልሁት። በዓመት አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ላይ ግራኙን እየፈለግሁ ነው ይላል፤ እያንዳንዱን እኔ አስቀርቼ ጽጌረዳ እሰጣለሁ። ስድስት ጽጌረዳ ሰጠኋቸው። ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደረደሯቸው። መምህራኑ ሲያልፉ «ኧረ ጋሼ፣ ደግሞ አበባ? ይቺ ፈረንጅ ሳትወድዎት አልቀረችም!» ይሏቸዋል። መጀመሪያ አብረው ይስቁ ነበር፤ በኋላ መሳቁን ተዉት።

ከስድስተኛው በኋላ ቢሮዬ መጥተው ቆመው ተናገሩ። «ጻፊልኝ። አበባህ ደርሶኛል በይው። እኔ ሙሽራ አይደለሁም በይው። ቃሉን ከረሳ ይርሳ፣ ከእንግዲህ አይላክብኝ።»

እስክሪብቶ አነሣሁ። እዚያው ፊታቸው፣ ዓይናቸው እያየኝ፣ በእንግሊዝኛ ምን ብጽፍ ጥሩ ነው? ካርዶችህ ደርሰውኛል፣ ግድግዳዬን አስጊጠውልኛል፣ እባክህ ሌላም ላክልኝ፣ ወዳጅህ ወልዴ! አንብቢልኝ አላሉም፤ አመኑኝ። የግራ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ ከውሸቴ ሥር አስፈረምኋቸው።

ከዚያ ወዲያ አምስት ካርድ መጣ። ፖስታ ቤቱ ሰው ቀይሯል፤ አሁን ወሬ የሚያቀብል የለም፣ ሁሉንም ደበቅሁ። ለሚስተር ሮይ በወልዴ ስም መልስ የምጽፍለት እኔ ሆንሁ። ስለ ዝናቡ ጻፍሁለት፣ ስለ አዲሱ መንገድ፣ ቡናው ስላበበበት ሰሞን። ሚስቱ ስትሞት አጽናናሁት። ፊርማውን የራሴን አውራ ጣት ቀለም ነክሬ አተምሁ።

ጋሽ ወልዴ ደግሞ ማክሰኞና ዓርብ በሬን ገፋ አድርገው አንገታቸውን ያስገባሉ። «የለም?» ይሉኛል። «የለም» እላቸዋለሁ። «ተቀየመኝ» ይላሉ። «ክፉ ቃል ላክሁበት፣ እውነቱን ነው።» አፈርሁ? አዎ አፈርሁ፣ ጆሮዬ እስኪግል ነው ያፈርሁት። ተውሁ? አልተውሁም። ደግሞ ማክሰኞ ሲደርስ ወደ ሳጥኑ እየሮጥሁ ነበር የምሄደው።

አሥራ አንደኛው ካርድ ላይ ግራኙ ነበረ። ቀኝ እግሩን አንሥቷል፣ ግራ ክንዱ ከጀርባው ተስቦ ሊለቅቃት ነው። ሰማያዊው ጽሑፍ ተንቀጥቅጧል። «ወልዴ፣ ታምሜአለሁ። ግን አገኘሁት። ክንዱን ተመልከት፣ አንተ ነህ። ቃሌን ጠብቄአለሁ።» ሁለት ጊዜ መልስ ጻፍሁለት። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

ጋሽ ወልዴም ጡረታ ወጥተው ቴፒ አካባቢ ቡና ያላት ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ሦስት ዓመት አልፎ ታመዋል ሲሉኝ ካርዶቹን በብስኩት ቆርቆሮ ይዤ በሚኒባስ ሄድሁ። ልናገር ነው የሄድሁት፤ እመኑኝ ወይም አትመኑኝ። መንገዱን ሙሉ ሳጠናው ነበር። ጋሼ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ። ከዚህ የሚቀልል ምን አለ?

ማድረቂያ ቆጥ ላይ የተሰጣ ቡና ዳር ተቀምጠው ዶሮ ሲያባርሩ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ሲያዩኝ «ስንዱ ልጄ!» ብለው ሊነሡ ሞከሩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝና «ጋሼ፣ እነዚህ ካርዶች ከየፖስታው ሾልከው ሳጥኑ ጀርባ ወድቀው ኖሮ ሲጸዳ ተገኙ» አልኳቸው። አሁንም ውሸት!

ከአበባው ጋር አብሮ የላከው መሰላቸው። የእኔን መልስ የሚያነሡትን አራቱን ቆርቆሮው ውስጥ ትቼ ስድስቱን አንድ በአንድ እየሰጠሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልዘል አነበብሁላቸው። ግራኙን ገና አላገኘሁትም። ገና አላገኘሁትም። ገና። «ለካ እየፈለገልኝ ነበር!» ብለው ልጃቸውን በቤንችኛ ጠሩ፤ ሮጣ መጣች። ግራ እጃቸው ከጋቢው ወጥቷል። ስድስተኛውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት። ዱላ የያዘ ነው። ቀና ብለው አዩኝ።

«የሚወረውረውስ? ግራኙ የለም?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጠዋት ከቆርቆሮው ለይቼ ለብቻው ያስቀመጥሁት እኔው ነኝ።

«የለም» አልኳቸው።

«ግድ የለም፣ ሳያገኘው ቀርቶ ነው» አሉ። ካርዶቹን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡና «ወረቀት ይዘሻል? ጻፊልኝማ። ሮይ፣ ሳላውቅ በቁጣ ክፉ ቃል ልኬብሃለሁ። እየፈለግህልኝ መሆኑን አላወቅሁም። ይቅር በለኝ በይው» አሉኝ። ጻፍሁት። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ የጻፍሁላቸው ብቸኛ ደብዳቤ እሱ ነው፤ ያውም ለሞተ ሰው። ግራ አውራ ጣታቸውን አተሙበት። በዓመቱ ሞቱ። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው አንገቴን አቅፋ፣ አንቺ ባትደርሺለት አባቴ ቅር እንዳለው ይሞት ነበር አለችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስሁ።

ለምን አስቀረሁት ትሉኛላችሁ። ሚስተር ሮይ ያንን ካርድ የላከው መልስ ለሚጽፍለት ወዳጁ ነው፤ ወዳጁ ደግሞ እኔ ነበርሁ። ደጋግሜ መልሼለታለሁ፣ ሚስቱን አልቅሼለታለሁ። ቃሌን ጠብቄአለሁ ሲል ለእኔ ነው የጻፈው! እንዲህ እላለሁ፤ እላለሁና ደግሞ ካርዱን አያለሁ። ክንዱ የእኔ አይደለም።

ካርዱም ደብዳቤውም አሁን ይህን በምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ለልጅየዋ መልሺ የምትሉኝ ካላችሁ አልመልስም፤ ከሰጠኋት መናገር አለብኝ፣ ከተናገርሁ ደግሞ አባቷ በሰላም አልሞተም ማለት ነው። ሰበብ ነው? ይሁን፣ ሰበብ ነው። ይቅርታ ግን አልጠይቃችሁም። ከዚህ ሁሉ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ?