በስንት ገዛኸው?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማህሌት ከዓለም ባንክ ሰፈር ፍራሽ አስጭና መጣች። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋትና፣ ተባረኪ እንኳ ሳልላት፣ «በስንት ገዛሽው?» አልኳት። ምን ላድርግ፣ የኮልፌ ሰው ነኝ። እኛ ሰፈር ሰው ጫማ ቢቀይር፣ ድስት ቢገዛ፣ ጥርሱን ቢያስተክል እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በስንት?» ተብሎ ነው። ክፋት የለበትም፤ ወጋችን ነው። ማህሌት ዋጋውን ነገረችኝ። በጣም ርካሽ ነው። «ቅናሽ ላይ አግኝቼው ነው አባዬ» አለች፣ ፊቷን ወደ ጫኞቹ መልሳ። እኔም «እንግዲያው ደግ አደረግሽ» አልኳት።

ፍራሹ ዙሪያውን በላስቲክ ተጠቅልሏል። አልጋዬ ላይ ሲያሳርፉት ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ልጄ ክፍሉን ስታስተካክል እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እናቴን አስታወስኩ።

እኔ አናጢ ነኝ። አልጋና ቁምሳጥን ስሠራ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ስለዚህ ስለ ርካሽ ዕቃ አታናግሩኝ። ርካሽ ማጠፊያ ያስገጠመ ሰው ዓመት ሳይሞላው በሩን ተሸክሞ ይመለሳል። ደነዝ ቢላ የሽንኩርቱ ለቅሶ ሳያንስ ጣት ይቆርጣል። በክረምት መግቢያ መንገድ ዳር የተገዛ ጃንጥላ ደግሞ ጦር ኃይሎች ሰፈር ታክሲ ስትጠብቁ ንፋስ አንዴ ሲነካው ይገለበጥና ዝናቡን ሰብስቦ እናንተው ላይ ያፈሰዋል። ጫማ፣ ቢላ፣ ድስት፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፤ በየቀኑ ለምትነኩት ነገር ትንሽ ጨመር አድርጉ፣ አትሰስቱ። ይህን ለደንበኞቼ ሁሉ እላለሁ። ግን ከርካሽ ዕቃም የባሰ ኪሳራ አለ፤ እሱን ለማንም አላወራም። ያወቅሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

ያኔ ከእናቴ ጋር ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በአንዲት ክፍል ጭቃ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። እናቴ ጥሩነሽ አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ትሠራለች። ልጆቹ ሳይገቡ ክፍሎቹ መወልወል ስላለባቸው ገና ሳይነጋ ትወጣለች። ሰፈሩ እንደ ዛሬው በፎቅ አልታጠረም፤ ከተራራው የሚወርደው ንፋስ የሚያግደው ሳያገኝ ቀጥ ብሎ እኛ ግድግዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ስንጥቁን ሁሉ በጋዜጣ ብንወትፈውም መግቢያ አያጣም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል ሰው። እናቴም ወሩ ሲገባ እንደ ምንም ብላ አጥንት ትገዛና መረቁን በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አፍልታ ታጠጣኛለች። አጥንቱን ለእኔ ትታ እሷ መረቁን ነበር የምትጠጣው፣ «እኔ ጥርሴን ያመኛል» እያለች። ቆሎ ስትቆረጥም ግን ጥርሷን አንድም ቀን አሟት አያውቅም።

የምትለብሰው ብርድ ልብስ ግራጫ፣ መሃሉ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነበር። ደህናውን ለእኔ ሰጥታኛለች። ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት ስለነበር ጠዋት ስትነሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እስኪሞቅላት ድረስ በቫዝሊን ታሸዋለች። «እመቤቴ፣ ዛሬንም አቁሚኝ» ትላለች በሹክሹክታ፣ እንዳትቀሰቅሰኝ። እኔ ነቅቻለሁ፤ ግን የተኛሁ እመስላለሁ። ምን ይሉኝታ እንደያዘኝ እንጃ።

በዚህ መሃል ጦር ኃይሎች አካባቢ በነበረ የእንጨት ሥራ ቤት ከተለማማጅነት ወደ ሠራተኝነት ተዛወርኩ። የመጀመሪያ ደመወዝ የእናት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ለእሷ ይሰጣል፣ ወይም አንድ ነገር ይገዛላታል፣ እሷም ትመርቃለች። እኔ ምን እንደምገዛ ከገና ጀምሮ ወስኜ ነበር።

ኮልፌ መንገድ ላይ ጋሼ ጴጥሮስ የሚባሉ ጨርቃ ጨርቅና ብርድ ልብስ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ከወላይታ በወጣትነታቸው መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ የከበሩ ሰው ናቸው። ገብቼ ርካሾቹን ስዳብስ ዝም ብለው አዩኝ።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለእናቴ። የመጀመሪያ ደመወዜ ነው።»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ? አንድ ክረምት ካሳለፈ በኋላ ወንፊት ነው የሚሆነው» አሉና መሰላል ላይ ወጥተው ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት ብርድ ልብስ አወረዱ። ባለ ዚፕ የላስቲክ ቦርሳ ውስጥ የሚቀመጡት፣ ከውጭ የሚመጡት ወፍራሞቹ ናቸው። አንደኛው ላይ ጥጃ የሚያክል ነብር ተጋድሞበታል። «ይሄን እናቴ ከአውሬ ጋር አንድ አልጋ አልተኛም ነው የምትለኝ» ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። ሁለተኛው ደማቅ ቀይ ሆኖ ነጫጭ አበባ አለው። እጄን ስሰድበት እስከ አንጓዬ ሰመጠ። ዋጋው የደመወዜ እኩሌታ ነበር። ገዛሁት።

ጋሼ ጴጥሮስ በሲባጎ እያሰሩልኝ «ስማ» አሉኝ። «እናትህ በስንት ገዛኸው ማለቷ አይቀርም። ግማሹን ንገራት።»

«ለምን እዋሻታለሁ ጋሼ?»

«እኔ ለእናቴ የላክሁላት ጋቢ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ነው። የዋጋውን ነገር ባልነገርኳት ኖሮ ለብሳው ያልቅ ነበር። ግማሹን በላት፣ ይኸው ነው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ መያዝ እችል ነበር፤ ግን በእግሬ ሄድኩ። ቦርሳው ብርሃን ያሳልፋል፣ አበባው ይታያል፤ ትከሻዬ ላይ አድርጌ በመንገዱ መሃል ተንጎራደድኩ። የጥር ፀሐይ ነው፣ አቧራው ይጨሳል፣ የተቆላ ገብስ የሚሸት መንገድ ነው። ያገኘኝ ሁሉ «በስንት?» ይለኛል፤ እኔም አንድም ሳላጎድል ሙሉውን እናገራለሁ። «ኧረ አንተ! ሰው ሆንክ ማለት ነው!» ሲሉኝ ትከሻዬ ይሰፋል። ቤት ስደርስ ያ ዋጋ ከአፌ መውጣት ለምዶ ነበር።

እናቴ ደጃፍ ላይ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች ጋር ምስር ትለቅማለች። ስታየኝ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። ጉልበቷን እንኳ አልያዘችም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ያንቺ ነው እማዬ።»

እትዬ ዘነበች እልልታዋን አቀለጠችው። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዚፑን ከፈተችና መዳፏን ሰደደችበት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉንጯን አስደገፈችው፣ ዓይኗን ጨፍና። «እሰይ የኔ ልጅ! እደግ! ተመንደግ! እንደ አብርሃም ቤት ቤትህ ይሙላ! ያለበስከኝን ያልብስህ!» ስትለኝ እንባዬ መጣ። እንደዚያን ቀን ያለ ፊቷን ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

«እስቲ በስንት ገዛኸው?» አለች፣ ገና ጉንጯን ሳታነሳ።

የጋሼ ጴጥሮስ ምክር ትዝ ብሎኛል። አልረሳሁትም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ግን እትዬ ዘነበች አፏን ከፍታ እየጠበቀች ነው፤ የእሷ ልጅ ደግሞ ለእናቱ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ሻሽ ነው። ወጣትነት ክፉ ነው። ሙሉውን ተናገርኩ፣ «የደመወዜን እኩሌታ» የምትለውንም ጨመርኩበት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እናቴ ጉንጯን አነሳች። እጇን ቀስ ብላ፣ እንደማይነካ ነገር፣ ከውስጡ አወጣችው።

«እኔ ላይ?» አለች። «ይህን ሁሉ እኔ ላይ?»

«ታዲያ ማን ላይ ላድርገው?»

«እግዜር ይስጥልኝ የኔ ጌታ። በል ይቀመጥ፤ ለእንግዳ ይሆናል። ስታገባም ለሙሽራዪቱ።» ዚፑን ከዳር እስከ ዳር ዘጋችው። ከዚያ ከአልጋው ሥር ያለውን የእንጨት ሳጥን ስባ ከታች ናፍታሊን በተነችበትና አስገባችው።

መጀመሪያ ሰሞን ተከራከርኩ። «ልበሺው እማዬ!» እላለሁ፣ «እሺ» ትላለች። አንዳንድ ማታ ለእኔ ስትል ታወጣዋለች፤ ከተኛሁ በኋላ ግን መልሳ ታጣጥፈውና ጠዋት ላስቲኩ ውስጥ አገኘዋለሁ። በኋላ ተውኩት። እውነቱን ልናገርና፣ የተውኩት ሰልችቶኝ ብቻ አይደለም። ከጎጃም ዘመድ ሲመጣ ያ ብርድ ልብስ ይወጣል፣ እናቴም «ልጄ በመጀመሪያ ደመወዙ፣ እኩሌታውን አውጥቶ» ብላ ታወራለች፣ እንግዳው ያደንቃል፣ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። እንግዳ ባለ ቀን እሷ ግራጫዋን፣ በላዩ ነጠላዋን ደርባ መሬት ትተኛለች። ይህንንም አያለሁ። አይቼ ዝም እላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሳል ያዛት። «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» እያለች ሥራ መሄዷን አልተወችም። በኋላ አልጋ ላይ ጣላትና ሐኪም ጋ ወሰድኳት። የሳንባ ምች ነው ተባለ። መድኃኒት ሰጡን፣ «ደግሞ ሙቀት ያግኙ፣ ብርድ እንዳያገኛቸው» አሉኝ። ቤት አስተኝቻት ሳጥኑን ሳብኩ። ዚፑን ስከፍት ዓይኗን ገለጠች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላለብስሽ ነዋ።»

«ተው፣ ላቡ ያበላሸዋል። መድኃኒቱም ሊፈስበት ይችላል።»

«ይበላሽ እማዬ! ዕቃ ነው!»

«ስንት እንዳወጣህበት ረሳኸው?» አለችኝ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ እንኳ ዋጋውን አልረሳችውም። «ይሄ ይበቃኛል። አፈር ስሆን መልሰው።»

አፈር ስሆን ካለችኝ ወዲያ አልተከራከርኩም። እሺ ብዬ መለስኩት። የራሴን ብርድ ልብስ ደረብኩላት፣ ጎረቤትም ጋቢ አመጣ፤ ያንን ግን መልሼ ዘጋሁት። በሳምንቷ ሞተች። ብርድ ልብስ ሰው ከሞት አያድንም፣ እሱን አውቃለሁ። እኔን የሚቆጨኝ መሞቷ ብቻ አይደለም፤ በርዷት መሞቷ ነው።

በሠልስቱ ጠዋት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ከጎጃም ለለቅሶ የመጣች የእናቴ የሩቅ ዘመድ ከቤት ወጣች። ማታ እትዬ ዘነበች ለእንግዶች የሚለበስ ስታጣ ሳጥኑን ከፍታ ኖሯል። ሴትየዋ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ልታጽናናኝ ብላ፣ «ልጄ፣ አታልቅስ» አለችኝ። «ያ ብርድ ልብስ እንዴት ያለ ነው! የመንገዱን ድካም ሁሉ ከአጥንቴ አወጣው። ጥሩዬ ታድላለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ለብሳ ስትተኛ ኖራ ነው የሞተችው።»

«አዎ» አልኳት።

ብርድ ልብሱን ያኔውኑ ሰጠኋት፤ ይዛው ሄደች። ጋሼ ጴጥሮስ ቆይተው «እናትህ ለበሰችው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ለእሳቸውም አዎ አልኩ። ለእናቴ ያልዋሸሁትን ለሌላው ሁሉ ስዋሽ ኖርኩ። አንድ ቀን ብቻ፣ ማህሌት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እውነቱን ነገርኳት። የረሳችው ነበር የመሰለኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ይኼው ነው። እኔ አልጋ ሠሪ ነኝ፤ ጎረቤቴ ፍራሽ ነጋዴ ነው። ያ ፍራሽ በስንት እንደሚሸጥ ከልጄ በላይ አውቃለሁ። የነገረችኝ ልክ ግማሹን ነበር።

ልትሄድ ስትል በር ላይ ዞር ብላ «አባዬ፣ ላስቲኩን አውልቀው እሺ? ለእንግዳ እንዳትለኝ» አለችኝ። «ምን ቆርጦኝ! በዚህ ርካሽ ዋጋ የተገዛ ፍራሽ ለእንግዳ ያሳፍራል» አልኳት። ሳቀች። እንደገባኝ ገብቷት ይሆናል።

ከሄደች በኋላ መቀስ አምጥቼ ላስቲኩን ከራስጌ እስከ ግርጌ ቀደድኩትና በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማዬን ብቻ አውልቄ፣ ተጋደምኩበት። ወገቤ አረፈ። እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ። ጋሼ ጴጥሮስ «ግማሹን ንገራት» ነበር ያሉኝ። አንዲት ቃል ነበረች፤ እትዬ ዘነበች ፊት ትንሽ ባፍር ኖሮ እናቴ ሞቋት ትተኛ ነበር።