ከወይራው ላይ የቧጠጥኩት ቅቤ

ልጅ እያለሁ በትምህርት አንደኛ ወጥቼ አላውቅም፤ በሞኝነት ግን የሚቀድመኝ አልነበረም። ምስክሬም ከአክስቴ አድባር ላይ ቧጥጬ፣ በቅጠል ጠቅልዬ ክፍል ይዤ የገባሁት ቅቤ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ዳባት ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የታሪክ መምህራችን ክርስትና ከመግባቱ በፊት የአገራችን ሰው ዘንዶ፣ ዛፍና ምንጭ ያመልክ እንደነበር አስተማሩን። እጄን አውጥቼ፣ «አክስቴ ዛሬም ዛፍ ቅቤ ትቀባለች» አልኩ። ልጆቹ «ውሸታም» ብለው ሳቁብኝ። እኔም በማግስቱ ማስረጃዬን ይዤ ቀረብኩ። መምህሩ ቅቤውን አሸተቱና፣ «ጎበዝ» አሉኝ። በተማሪነቴ ያገኘኋት «ጎበዝ» ያቺ ብቻ ናት፤ ዋጋዋን የከፈለችው ግን አክስቴ ናት።

አክስቴ አለሚቱ ረቡዕና ዓርብ ጦሟን የማታጓድል ሴት ነበረች። የጓሮዋን አሮጌ ወይራ ደግሞ ከእናቷ ተረክባዋለች፤ እናቷም ከእናቷ። ሐሙስ ሐሙስ ግንዱን ቅቤ እየቀባች፣ ኤርትራ ስለዘመተው አንድ ልጇ ስለ ደምሴ፣ «አደራህን፣ በደህና መልስልኝ» ትለዋለች። ለታቦቱም ተስላለች። ሁለቱም ይስሙኝ ባይ ነበረች።

የቅቤው ወሬ ከክፍል ወጥቶ ቀበሌ ደረሰ። «ኋላ ቀር እምነት» ተብሎ ወይራው ሲቆረጥ ከጎኗ ቆሜ ነበር። መጥረቢያው ባረፈ ቁጥር ትከሻዋ ይርገበገባል። የእርጥብ ወይራ ሽታ ጓሮውን ሞላው።

«ማን ነገራቸው?» አለች።

«እኔ ነኝ። ቅቤውንም ወስጄ አሳየሁ።»

«አንት ከይሲ፣ እኔ እኮ የጎረቤት ውሻ ላሰው ብዬ ስራገም ሰነበትኩ» አለች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ዛፉ እንግዲህ ሄደ። ቅቤዬን ግን ትመልሳታለህ። ደምሴ ሲመጣ አናቱን የምቀባው በሷ ነው።»

ደምሴ አልመጣም። በወይራው መቆረጥ ነው አልልም፤ አይደለም ብዬም አንድም ሌሊት በእርግጠኝነት አልተኛሁም። አክስቴ እስክትሞት ድረስ ጉቶውን ቅቤ ስትቀባ ኖረች። ቅቤዬን አምጣ ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

ዛሬ ጉቶው ተነቅሎ ያ ጓሮ ባሕር ዛፍ ነው፤ ማንም ምንም አይነግረውም። እኔም አርጅቼ፣ ቅቤ የሚይዝ ፀጉር እንኳ ከአናቴ ጠፍቷል። በገበያ ቀን ቅቤ ሻጮቹ ጋ ስደርስ ግን እቆማለሁ። አንድ ጭብጥ እገዛለሁ፣ በቅጠል ይጠቀለልልኛል፣ ይዤው እስከ ጓሮው እሄዳለሁ። ከዚያ የምቀባው አጥቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

አንድ ጭብጥ ናት። እስካሁን አለችብኝ።