እኔና አይኖ፣ የክፍሉ ዝምተኞች

ከደብረ ብርሃን የወጣሁበትን ምሽት ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ እንባ ሳይሆን ብርድ ልብስ ነው። እናቴ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ከሥሯ ዚፑን እየጎተትኩ፣ ያንን የከተማችንን ወፍራም ብርድ ልብስ በግድ ልናስገባ እንታገላለን።

«እማዬ፣ አትላንታ ሞቃት ነው አሉ እኮ።»

«ማን አየው? ፈረንጅ በበረዶ ላይ ራቁቱን እየሄደ ሞቃት ነው ቢልሽ ታምኚዋለሽ?»

አባቴ ደግሞ በር ላይ ቆሞ የመጨረሻውን ምክር ሰጠኝ። «መምህር ፊት አንገትሽን ደፋ አድርጊ። ሳይጠይቁሽ አትናገሪ።» ይህችን ምክር አጥብቄ በመጠበቄ ነው ነፃ የትምህርት ዕድሌን ላጣ ትንሽ የቀረኝ።

የአትላንታው ኦሎምፒክ ካለፈ በኋላ በመጣው ዓመት ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስወጣ አየሩ የድስት ክዳን እንደተከፈተበት እንፋሎት ፊቴ ላይ ተለጠፈ፤ ብርድ ልብሱን የተሸከመው ትከሻዬ እናቴን ረገመ። ማደሪያ ሕንፃው ውስጥ ስገባ ግን ኤሲው እንደ ሐምሌ ጧት ያንቀጠቅጥ ጀመር። እናቴን ይቅርታ ጠየቅኩ። እዚህ አገር ብርዱን ቤት ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት።

ቁልፍ የምትሰጠው ሴት ፊት ከእኔ ቀድማ አንዲት ፀጉሯ እንደ ገለባ የነጣ ረጅም ልጅ ቆማለች። ከፊንላንድ ለአንድ ዓመት የመጣች ተማሪ ናት።

«ስም?» አለቻት ሴትዮዋ።

«አይኖ።»

በእንግሊዝኛ «አይ ኖው»፣ «አውቃለሁ» ያለቻት መስሏት ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «ማወቅሽማ ጥሩ ነው፤ ለእኔም ንገሪኝ።»

«አይኖ።»

«ሃኒ፣ አንቺ ብቻ ብታውቂው ቁልፍ አይሰጥሽም!»

ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣ ወደ እኔ ዞረች። «የአንቺስ?»

«ጽጌረዳ።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ የእሷን እንደገና እንሞክረው» አለች።

እንዲህ ሆነን አንድ ክፍል ደረሰን። ባገሬ ደንብ ጉንጭና ጉንጯን ስስማት እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብላ ጠበቀችኝ፤ ስጨርስ «አመሰግናለሁ» አለች። ወሬ ለመጀመር ብዬ ደብረ ብርሃን እንዴት እንደምትበርድ፣ ጧት ጧት ሣሩ ላይ አመዳይ እንደሚወርድ በኩራት አወራኋት። ረጅም ጊዜ አሰበችና «እኛ ጋ በክረምት ባሕሩ ላይ መኪና ይነዳል» አለችኝ። እንዲህ ካለች ውሸታም ጋር ጣለኝ ብዬ አዘንኩ። በኋላ በረዶ ሆኖ የረጋውን ባሕር በፎቶግራፍ ስታሳየኝ ግን ያገሬን ብርድ ዳግመኛ አላነሳሁም።

ሁለታችንንም ያሳበደን «ሃው አር ዩ» ነው። ከፊት ለፊታችን ክፍል ያለችው ልጅ ባየችን ቁጥር ጥርሷን ፈልቅቃ «ሃው አር ዩ ጋይስ!» ትላለች። እኔ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ፣ ቤተሰብስ» ማለት ስጀምር ኮሪደሩን ጨርሳ ታጥፋለች። አይኖ ደግሞ ጥያቄውን ከልቧ ትመረምረውና «ጥሩ አይደለሁም፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ትላለች፤ ለግድግዳው።

መከራው የመጣው የሰዎችን ልማድ በምታስተምረን ፕሮፌሰር ክፍል ነው። አሜሪካኖቹ እግራቸውን ዘርግተው፣ ሳንድዊች እየገመጡ፣ መምህሯን በስሟ እየጠሩ ይከራከራሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። አይኖ አጠገቤ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ከሴሚስተሩ አጋማሽ በኋላ ፕሮፌሰሯ ቢሮዋ ጠራችን።

«ፈተናችሁ ጥሩ ነው። ግን አንድም ቀን አልተናገራችሁም። ተሳትፎ ማርክ አለው፤ በዚህ ከቀጠላችሁ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። ኮርሱ ሰልችቷችኋል?»

አይኖ ዝም። እኔ መሬት መሬት።

«አያችሁ?» አለች ፕሮፌሰሯ። «ይኸው ነው የምላችሁ።»

እናንተዬ፣ ባገሬ ክፍል ውስጥ ያወራ ነው የሚንበረከከው። እዚህ ለዝምታ ልንበረከክ! ከወደቅኩ ነፃ ትምህርቱ ይቀራል፣ እኔም ከነብርድ ልብሴ ወደመጣሁበት እመለሳለሁ።

በታንክስጊቪንግ፣ በአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ማደሪያው ሲዘጋ፣ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ሎረንስቪል የሚኖሩት የእናቴ የአክስት ልጅ እትዬ አስቴር መጥተው ወሰዱን። «ሃይዌዩ ጃም ሆኖብኝ ነው የዘገየሁት፤ ፓርክ ማድረጊያም አጣሁ» እያሉ አይኖን አገላብጠው ሳሟት። ቤታቸው ስንደርስ የበዓሉን ግዙፍ ወፍ፣ ተርኪውን፣ በዶሮ ደንብ አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው ወጥ ሠርተውታል፤ አንዱ ብልት የበግ ጭን ያክላል። አይኖ በላች፣ ተቀመጠች፣ ቃል አልተነፈሰችም።

እትዬ አስቴር በአማርኛ ሹክ አሉኝ። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ተጣልታችኋል?»

«የለም እትዬ፣ ደስ ብሏት ነው። እነሱ ጋ እንግዳ ዝም ካለ ተመችቶታል ማለት ነው ብላኛለች።»

«ደስታዋ ይሄ ከሆነ ሐዘኗን አያሳየኝ!» አሉና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ሄዱባት። አይኖ መድኃኒት እንደሚሰጡት ሕፃን ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። አላምጣ እስክትጨርስ ሁላችንም ተያየን። ከዚያ ራሷ አፏን መልሳ ከፈተች፤ እትዬ አስቴር እልል አሉ።

የፕሮፌሰሯን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቁ። «ስሚኝ ልጄ፣ እነዚህ አውቀው አይደለም የሚናገሩት፤ ሲናገሩ ነው የሚያውቁት። እጅሽን አውጪና ‹አይ ዲስአግሪ›፣ አልስማማም፣ በያቸው። የቀረውን እግዜር ይጨምርልሻል።»

ከእረፍቱ ስንመለስ የክፍሉ ውይይት ስለ ትሕትና ሆነ። ኮፍያውን ገልብጦ ያጠለቀ ልጅ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ «‹ሃው አር ዩ› እኮ ምንም ማለት አይደለም፤ ድምፅ ነው። መልስ የሚጠብቅ የለም» አለ።

ከጎኔ አንድ ረጅም ነጭ ክንድ ወጣ። አይኖ ናት! ክፍሉ ሁሉ ዞረ።

«መልሱን ካልፈለጋችሁት ለምን ትጠይቁኛላችሁ?» አለች። «እኔ እስካሁን ስመልስ ነበር።»

እሷን ብቻዋን መተው ነውር መሰለኝና ባገሬ ደንብ ለመናገር ብድግ አልኩ፤ ከጠረጴዛ ጋር የተያያዘው ወንበር ወገቤን ይዞ አብሮኝ ተነሣ። እሱን ተሸክሜ «አይ ዲስአግሪ!» ብዬ ጮኽኩ። ከማን ጋር እንደማልስማማ እንኳ አላውቅም። ሲስቁ ድፍረቱ መጣ። ሰላምታ እኛ ጋ መንገድ ላይ ሰው እንደሚያስቆም፣ ስለ እናት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠይቆ መልሱ እንደሚሰማ ነገርኳቸው። «መምህር ፊት ዝም ማለትም ክብር ነው» አልኩ። «ሴሚስተሩን ሙሉ ሳከብርዎት ነበር።»

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች። «ይህን ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?»

«ስላልጠየቁኝ።»

ሁለታችንም ቢ አገኘን፤ ዕድሌም ተረፈ። አይኖ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልጨመረችም። ለምን ስላት «ያለኝን ተናግሬአለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከፈትኩና መዝጊያው ጠፋኝ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ሌላ ፕሮፌሰር «ጽጌ፣ እባክሽ ለሌሎችም ዕድል ስጪ» እስኪለኝ ድረስ።

በግንቦት እትዬ አስቴር አይኖን ልንሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዱን። መንገዱን ሙሉ ሦስታችንም ዝም ብለን ሄድን፤ ማንም ምን ሆናችሁ አላለም።

ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ደወልኩ።

«ፈረንጇ ጓደኛሽ አገሯ ገባች?» አለችኝ እናቴ።

«ገባች፣ እማዬ።»

«እናቷ እንዴት ደስ ብሏት ይሆን!» አለች። ከበስተጀርባዋ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር የሚወርድ ነገር ተሰማኝ።

«ዝናብ ነው?»

«በረዶ ነው። ቆዪ፣ እንዳትዘጊው፣ መስኮቱ ክፍት ነው» ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች። የስልክ ካርዴ እያለቀ መሆኑን የተቀረጸ የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ጆሮዬ ላይ ነገረኝ። አልዘጋሁም። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ቆርቆሯችንን አዳመጥኩ።