ቀጭ የሚል መንጋጋ

ትናንት ቁርስ ላይ የልጄ ልጅ ሕሊና ስታዛጋ ጉንጯ ሥር ቀጭ አለ። ማንም ልብ አላለውም፤ የእኔ ጆሮ ግን ቆመ። ያንን ድምፅ አውቀዋለኋ!

በወጣትነቴ የቀኝ መንጋጋዬ እንዲሁ ቀጭ ይል ነበር። አፌን ሰፋ አድርጌ ከከፈትኩማ እዚያው ይቆለፋል። ሐኪም? ወዲያ! ልጅ ሳለሁ ጥርሴን በጉጠት ከነቀሉኝ ወዲህ የጥርስ ሐኪም ቤት ሳይ መንገድ ተሻግሬ ነው የማልፈው። ቆሎ ተውኩ፤ ከሰው ጋር መብላት ተውኩ፤ ስስቅም አፌን እይዛለሁ። የሰፈር ሰው "ኩሩ ነው" ይለኝ ነበር።

ታዲያ ጽጌን ወደድኩ። ኅዳር ላይ ቁስቋም ስትነግሥ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ እነሱ ቤት ተጠራሁ። እናቷ እትዬ በለጥሽ ሊያዩኝ ነው እንግዲህ፤ እሳቸው ካልወደዱኝ ነገሩ አበቃ። ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። ዶሮውን በእንጀራ ጠቅልለው ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ይዘውልኝ መጡ።

"በቃኝ፣ እትዬ።"

"የእኔን እጅ ልትመልስ?"

ጽጌ አቀረቀረች። ምን ላድርግ፣ ከፈትኩ። ቀጭ! አፌ ግማሽ ተከፍቶ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ በለጥሽ ጉርሻውን አስቀምጠው ጠጋ አሉኝ። "ምንድን ነው የጮኸው? እስቲ ድገመው!" ጆሯቸውን ጉንጬ ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸውም። መንጋጋዬን አሸት አሸት አድርጌ ሲመለስልኝ ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ታዲያ ሐኪም አላየህም?"

"እፈራለሁ" አልኩ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

ከዚያ በነጠላቸው ከለል ብለው ከጉንጫቸው አንድ ፍሬ ቅርንፉድ አውጥተው አሳዩኝ። "እኔም" አሉ በሹክሹክታ፤ "ጥርሴን ካመመኝ ቆየ። ለልጄም አልነገርኩ።"

ሰኞ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ አብረን ወረድን። በሩ ላይ እጄን ጭምቅ አድርገው ይዘው "አንተ ቅደም" አሉኝ። የእኔ ጉጠት አላስፈለገውም፤ ጠንካራ ነገር እንዳላኝክ፣ ጥርሴን ገጥሜ እንዳልውል፣ መንጋጋዬን በሞቀ ጨርቅ እንድይዝ ተነገረኝ። የእሳቸው ተነቀለ። ስንመለስ፣ ጥጥ እንደነከሱ፣ "ሽማግሌህን ላክ" አሉኝ።

ሰው ሕመሙን ለመንገደኛ ሁሉ እያወራ ፍርሃቱን ከቤተሰቡ የሚደብቀው ለምን ይሆን? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሕሊናን "ሐኪም እናሳይሽ" ብላት፣ "አባባ፣ እፈራለሁ" አለችኝ። ጽጌ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቄ ከጉንጬ ቅርንፉዴን አውጥቼ አሳየኋት። ነገ አብረን እንሄዳለን። "አንቺ ቅደሚ" ብያታለሁ።