ከጭራው የሚነበብ ቃል

ዲላ ውስጥ፣ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ፣ የሕክምና ቃላት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ትምህርቱን ይፈሩታል፤ እኔን ደግሞ ሰልችቶኛል። በየዓመቱ ያው ሰሌዳ፣ ያው የሚደርቅ ማርከር፣ ያው «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ነው። እኔም ያንኑ እደግማለሁ። ቃሉ ረዘመ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ቆራርጡት፤ ከጭራው ጀምሩ። ጭራው «አይተስ» ከሆነ አንድ የሰውነት ክፍል ተቆጥቷል፤ «ኤክቶሚ» ከሆነ አንድ ነገር ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ ወደ ራሱ ሂዱ፤ «ጋስትሮ» ካለ ጨጓራ፣ «ኔፍሮ» ካለ ኩላሊት ነው። ይህን ስል ከወናጎ በሚኒባስ ተጣበው የመጡት ልጆች ያዛጋሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም መምህር ባልሆን አዛጋ ነበር።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ታመመች። ወናጎ ነው ያገባችው። ባሏ ቡናና እንሰት የሚያለማ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። አንዲት ሴት ልጅ አላቸው። ሁለተኛ እንዲሰጣት እህቴ ያልጸለየችበት ጉባኤ የለም። የወር አበባዋ ግን መምጣቱን እንጂ መሄዱን ሳያውቅ ሰውነቷን ጨረሰው። ቡናው ቀልቶ ሰው ሁሉ ለለቀማ ሲወጣ እሷ ከደጃፏ ማለፍ አቃታት፤ ያኔ ዲላ አምጥተን ሐኪም ቤት አስተኛናት።

ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ለነርሷ «ሂስተሬክቶሚ» አላት። ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ በሁለት ቀለም ስቆርጠው የኖርኩት ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን ሳይቆረጥ ገባኝ። ቀጥሎ ባሏንና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራን። እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለቤተሰብ እንጂ ለበሽተኛ አይነገርም። እጢው በዝቷል፣ ማህፀኗ መውጣት አለበት አለን። ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ እኔ ዞረ።

«እቴቴ፣ አሁን እንዳይነግሯት» አለኝ። «እጢ ይወጣልሻል ብቻ እንበላት። ስታገግም ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። በማለዳ፣ እንደ ደንቡ ትሰማለች።»

መርዶ ማለቱ ነበር። ዘመድ የሞተበት ሰው ሌሊቱን በሰላም ተኝቶ፣ ጠዋት ሽማግሌና ጎረቤት ከቦት ነው የሚረዳው። ባሏ ለማህፀኗም ይህንኑ አሰበላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሐዘን የሚነገርበት ሌላ መንገድ አያውቅም። እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ ውዬ ስለመጣሁ እግሬ አብጦ ነበር። መከራከር አቃተኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ «እሺ» አልኩት።

ተመልሼ ስገባ እህቴ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው።

«ዶክተሩ ለነርሷ የነገራት ምንድን ነው? እጢውን ማውጣት ነው?»

በሐኪም ቋንቋ እጢ ማውጣትም ማህፀን ማውጣትም ጭራቸው አንድ፣ «ኤክቶሚ» ነው። ጭራውን ብቻ ብነግራት ውሸት አይባልም ነበር።

«አዎ፣ የሚወጣ ነገር አለ» አልኳት።

«ምንድን ነው የሚወጣው?»

በአማርኛ ልጀምር ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ። በጌዴኦኛ፣ እናታችን በምትናገረው ነገርኳት። ማህፀንሽን ሊያወጡት ነው አልኳት፤ በእናቴ ቋንቋ ይህን ለማለት ከየት ልጀምር ብሎ ነገር የለም።

አላለቀሰችም። ሐኪሙን ጥሪልኝ አለችኝ። ወጣት ነው፤ ፊት ለፊቷ መናገር ከብዶት እኔን እያየ ጀመረ።

«ወደ እኔ እያዩ ይንገሩኝ» አለችው።

ነገራት። እጢዎቹን ብቻ ለይቶ ለማውጣት መሞከር ይቻላል፤ ግን ብዙ ደም ይፈሳል፣ የእርስዎ ደም ደግሞ ከወዲሁ አልቋል፣ ከአልጋው ላይነሱ ይችላሉ አላት። እህቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ልጇን እያሰበች መሰለኝ። ሐኪሙ ለመሄድም ለመቀመጥም ሳይሆንለት ቆሞ ጠበቃት።

«ይውጣ» አለች።

ሐኪሙ ሲሄድ አንሶላውን ፊቷ ላይ ሳበችና አለቀሰች። እኔም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን ያህል እንደደከመኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስንረጋጋ እጄን ያዘችና፣ ማወቋን ለባሏ እንዳልነግረው አስማለችኝ።

«ቀዶ ጥገናው እስኪያልፍ እንዳይጨነቅ፤ ልቡ ስስ ነው» አለች።

ሁለቱም እንዲህ ሲደባበቁ መሐል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለፈ። ትንሽ እንዳገገመች፣ ገና በማለዳው፣ ባሏ ከወናጎ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎችና አንዲት ጎረቤት ይዞ መጣ። ጋቢያቸውን አጣፍተው አልጋውን ከበቡ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ዙሪያ ጥምጥም መናገር ጀመሩ። ባሏ መሬት መሬቱን ያያል። እህቴ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች።

«አውቄዋለሁ፣ አባባ» አለቻቸው። «ማህፀኔን አውጥተውታል። ከእንግዲህ ልጅ አልወልድም።»

ጎረቤቷ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ወደ ወንዶቹ ተመለከተች። ባሏ እኔን አየኝ።

«ቁጭ በሉ» አለቻቸው እህቴ። «አልቅሱ እንጂ፣ ለዚህ አይደል የመጣችሁት? እኔ ሳለቅስ ቆይቼ ደክሞኛል።»

መጀመሪያ ያለቀሰው ባሏ ነው።